ሰንሰለቱ ይውጣ ወይስ ይቅር

ነገሩ የተጀመረው በገላ መታጠቢያ ነው። በበጋ በሸራ ጀልባ የሚመጡ እንግዶች ገላቸውን ለመታጠብ ጎረቤት ደሴት እየሄዱ፣ እግረ መንገዳቸውንም ገንዘባቸውን እዚያው እያራገፉ መምጣታቸው የግሪኳን ትንሽ ደሴት የፔራኒን ሊቀመንበር ፖሊክሮኒስን አንገበገበው። ስለዚህ ወደባችን ላይ ተንሳፋፊ መቆሚያ ይሠራ፣ ውሃና መብራት ይግባ፣ ሙቅ ውሃ ያለው መታጠቢያ ቤት ይቁም አለ። ይህንን የጠላ አልነበረም። ሰው የተጣላው ቀጥላ በመጣችው ነገር ነው፤ መቆሚያው ከመሠራቱ በፊት ወደቡ ግርጌ የተጋደመው አሮጌ ሰንሰለት መውጣት ነበረበት።

ሰንሰለቱን ማን እንደጣለው የሚያውቅ የለም። አንዷ ቀለበት የጎረምሳ ጭን ታክላለች። ከወደቡ አፍ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ተዘርግቶ፣ ሳያውቅ መልሕቁን የጣለበትን መንገደኛ ሁሉ እግሩን ይዞ ያስቀራል። ሰውየው በማግስቱ ልሂድ ብሎ ሲነሳ መልሕቁ እምቢ ይላል። ያን ጊዜ ጠላቂው ሚኬስ ይጠራል። ሚኬስ ራሱ እንደ እንቁላል የተላጠ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ ሰው ነው። ተጠርቶ ወዲያው አይጠልቅም፤ መጀመሪያ ቁርሱን ይበላል፣ ከዚያ ነፋሱን ያያል፣ ከዚያ ጆሮውን ያመዋል። ውሃ ውስጥ ያለውን የሚያየው እሱ ብቻ ስለሆነ ደግሞ "ተይዟል" ካለ ተይዟል፣ "ነገ ነው" ካለ ነገ ነው። እንግዳው እስኪፈታ ድረስ ወይዘሮ ዛምቤታ፣ በአገሩ አጠራር ኪራ ዛምቤታ፣ ዘንድ ይበላል። በደሴቲቱ ላይ ከእሷ ሌላ ምግብ ቤት የለማ።

ታዲያ ዛምቤታ ሰንሰለቱ አይውጣ ብላ ስትሟገት ሁሉም ለገበያዋ የምትሟገት መሰለው። እሷም ይምሰላቸው ብላ ተወችው፤ ዝም አይነቅዝም። እውነቱ ግን ካፒቴን ኢሲዶሮስ ነበር።

ካፒቴን ኢሲዶሮስ ጡረታ የወጣ የጭነት መርከብ አዛዥ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፣ ልጆቹም በየአገሩ ተበትነዋል። በየሐምሌው፣ እዚያ አገር በጋ ነውና፣ ብቻውን በትንሽ የሸራ ጀልባ ወደ ፔራኒ ይመጣል፣ በየሐምሌውም መልሕቁ ይያዛል። ይኸው ዘንድሮ ስድስተኛው ነው። ከፔራኒ የሚረዝም መርከብ በሱዌዝ ቦይ ሲያሳልፍ የኖረ ሰው፣ ሲኒ በምታህል ወደብ በየዓመቱ መጠለፉ የደሴቲቱን ሰው ክረምቱን ሙሉ ሲያስቀው ይከርማል። ዛምቤታ ግን አትስቅም። ካፒቴኑ በተያዘ ቁጥር ሳምንት ይቆያል፣ አሥር ቀን ይቆያል። ከኩሽናዋ በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ባቄላ ይፈለፍልላታል፣ የላላ መስኮት ይጠግንላታል፣ ሽምብራ ሲቀቀል ሎሚው መቼ ይጨመር በሚለው ነገር እንደ ጠበቃ ይሟገታታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ እሷን የሚሟገታት ሰው አልነበረም። ወደደችው፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሰንሰለቱ ከወጣ ደግሞ እሱም እንደ ሌላው መንገደኛ አንድ ሌሊት አድሮ መሄዱ ነው።

በዚህ የተነሳ ከሚኬስ ጋር የምስጢር ውል ነበራት።

"ዛሬስ ጆሮህ እንዴት ነው?" አለችው በስብሰባው ዋዜማ፣ የተጠበሰ ኦክቶፐስ ፊቱ እያስቀመጠች።

"እየተሻለኝ ነበር፤" አለ ሚኬስ ሳህኑን ገልመጥ አድርጎ። "ግን አንድ መለኪያ የኡዞ አረቄ ካከልሽበት እስከ ሐሙስ የሚያመኝ ይመስለኛል።"

"ሆዳም!"

"አንቺ የአክስቴ ልጅ፣ እኔ እኮ የምታመመው ለአንቺው ብዬ ነው!"

ኡዞውን ቀዳችለት። እስከ ሐሙስ ታመመ።

ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትምህርት ቤት ውስጥ ተደረገ። ትምህርት ቤቱ ያለው የሕፃናት ወንበር ብቻ ስለሆነ የደሴቲቱ ሽማግሌዎች ሁሉ ጉልበታቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ተቀመጡ። ካፒቴን ኢሲዶሮስም በእንግድነት ተጠርቶ ከኋላ እንደነሱው ተኮራምቷል። ፖሊክሮኒስ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ወደቡን ሣለ። አሣሣሉ ወደብ ሳይሆን ድስት ስለሚመስል አንድ ሰው "ሊቀመንበር፣ ክዳኑን ረሳኸው!" አለው።

"ሳቁ!" አለ ፖሊክሮኒስ። "ልጆቻችሁ በሙሉ አቴና ናቸው፣ እናንተ እዚህ ትስቃላችሁ። መቆሚያው ሲሠራ የሚመለስ ልጅ ይኖራል። የሚሠራበት ሥራ ይኖራላ!"

ዛምቤታ ብድግ አለች። "እንግዶቹ ሌሊቱን ሙሉ ጄኔሬተር ያንጎደጉዱብናል! ለመጠጥ ያልበቃንን ውሃ ጀልባ ያጥቡበታል! የቆጡን አወርድ ብላችሁ የብብታችሁን እንዳትጥሉ!"

"ብብታችን ውስጥ ያለው ምን ሆነና? ዝገት ነው፣ ኪራ ዛምቤታ፣ ዝገት!" አለና ፖሊክሮኒስ ጣቱን ወደ ኋላ ቀሰረ። "ይኸው ምስክር! እኚህ ትልቅ ሰው በስተርጅና የልጅ መሳቂያ ሲሆኑ ዝም ብለን እንይ? ስድስት በጋ! ካፒቴን፣ እስኪ ይናገሩ፤ ሰንሰለቱ አላስመረረዎትም?"

ካፒቴኑ እስከ ጆሮው ቀላ። "እኔ እንግዳ ነኝ፤" አለ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ። "በወደቡ የሚያዝዝበት ባለቤቱ ነው።"

በዚህ መሃል የሚኬስ ሚስት ሌሞኒያ ተነሳች። ሌሞኒያ ልጇ ከአቴና ተመልሳ መታጠቢያ ቤቱን እንድትይዝ ትፈልጋለች፣ ቁጣዋም ከዚያው ነው። "እኔ ልናገር! ሰንሰለቱ ሰው የሚይዘው አንድ ቀን ነው። የቀረውን የሚይዘው ኦክቶፐስ ነው! የባሌ ጆሮ ታሞ አያውቅም፤ የሚያመው ዛምቤታ ስታበላው ነው። በተለይ ደግሞ የተያዘው የማን መልሕቅ ሲሆን እንደሆነ ታውቃላችሁ!"

ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወደ ካፒቴኑ ዞረ፣ ቀጥሎ ወደ ዛምቤታ። ሚኬስ በሕፃን ወንበር ሥር መደበቅ ቢቻል ኖሮ ይደበቅ ነበር። ዛምቤታ ደሟ ተንተከተከ። "ውሸት ነው" ማለት ትችል ነበር፤ ሴትዮዋም መዋሸት አያቅታትም። ነገር ግን ዓይኗ ከካፒቴኑ ዓይን ጋር ተጋጨ። ሰውየው በድንጋጤ አፉን ከፍቶ ያያታል። ስድስት በጋ ሙሉ የታገተ ሰው ሲያያት የመሰላትም ይህን ጊዜ ነው። አፈረች።

"እውነት ነው፤" አለች። አንገቷን ግን አልደፋችም። "ሰንሰለቱ ይውጣ። እግሩን ተይዞ የሚቀመጥ ሰው እንግዳ አይባልም። መሄድ የፈለገ ይሂድ!"

እጇን አወጣች። እሷ ካወጣች ማን ይቀራል? ቤቱ በእጅ ተሞላ። እሷ ግን ሲቆጠር አልጠበቀችም፣ ወጥታ ሄደች።

ክሬን የጫነው መርከብ ከጎረቤት ደሴት እስኪመጣ ድረስ በነበሩት ቀናት ዛምቤታ ካፒቴኑን ሸሸችው። አንድ ጊዜ ባርኔጣውን አውልቆ ኩሽናዋ መስኮት ላይ ቆመ።

"ኪራ ዛምቤታ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት ብዬ ..."

"ሽምብራ አልቋል!" አለችና መስኮቱን ዘጋችበት። ከጀርባዋ ግን አንድ ድስት ሙሉ ሽምብራ እየተንተከተከ ነበር። ከዚያ ሽንኩርት ከተፈች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ሽንኩርት ሲጨመርበትማ ለከርሞ የሚተርፍ ወረደ። የተናደደችው በሌሞኒያ አልነበረም፣ በራሷ ነው። "ቁጭ ይበሉ" የምትል አንዲት ቃል አቅቷት ባሕር ግርጌ ያለ ብረት ስትለማመጥ መኖሯ አቃጠላት።

መርከቡ ሲመጣ ደሴቲቱ በሙሉ ወደቡ ጠርዝ ላይ ተሰለፈች። ዛምቤታም አላይም ብላ ምላ ነበር፤ ሽንኩርት የሸተተ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ሲሄድ ማየት ካለባት በዓይኗ ትየው።

ክሬኑ እያቃሰተ ሰንሰለቱን መሳብ ጀመረ። ሰንሰለቱ ብቻውን አልወጣም፤ ደሴቲቱ የጠፋባትን ሁሉ አግበስብሶ መጣ። ሦስት ወንበር ወጣ። የልብስ ስፌት መኪና ወጣ። የፖሊክሮኒስ አባት "ሌባ ወሰደብኝ" ብሎ ጎረቤቱን ሲረግምባት የሞተባት ሞተር ብስክሌት ከነመስተዋቷ ስትወጣ የጎረቤቱ ልጅ "አያችሁ! አያችሁ!" እያለ ዘለለ። መልሕቅማ ስንቱ! የጀርመን፣ የጣሊያን፣ አንድም ባለቤቱ የማይታወቅ። በመጨረሻ የሰንሰለቱ ጭራ ብቅ አለና ሁሉም መርከቡ ላይ ተከመረ።

ፖሊክሮኒስ አንገቱን አሰገገ። "ቆይ እንጂ፤ የካፒቴኑ መልሕቅ የታለ?"

የለም። የካፒቴኑ ጀልባ ወደቡ ውስጥ፣ ለመርከቦች ከሚበራው መብራት ማማ ሥር እንደቆመች ናት፣ ምንም አልነካትም። ካፒቴኑ በጀልባዋ አፍንጫ ላይ ቆሞ የገዛ ጫማውን ይመረምራል።

"እዚያ ምን ሊሠራ!" አለ ሚኬስ። "እሳቸው እኮ ሁልጊዜ የሚጥሉት መብራት ማማው ሥር ነው፣ ንጹሑ አሸዋ ላይ ..."

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ ሚኬስ ላይ ሁለቱም ደረሱ።

"አንተ!" አለች ሌሞኒያ። "ታዲያ በየዓመቱ እየጠለቅህ ምን ስትፈታ ነበር?"

"ምንም። ትንሽ እዋኛለሁ፣ ከዚያ ወጥቼ 'ከባድ ነው' እላለሁ።"

"በነጻ?"

ሚኬስ መልስ ፍለጋ ወደ ካፒቴኑ አየ።

"በዊስኪ፤" አለ ካፒቴኑ ከጀልባው ላይ። "በየዓመቱ አንድ ሳጥን።"

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ያለ ሰው ሚኬስን ሳያውቀው አልቀረም። ወደቡ በሳቅ ተናጋ። አንዱ የሚኬስን መላጣ በጥፊ መታ፣ ሌላው "ጆሮህን ያዝ፣ ጆሮህን!" አለው፤ ፖሊክሮኒስ ሊቀመንበርነቱን ረስቶ በአባቱ ሞተር ብስክሌት ላይ ተደግፎ አነባ።

ዛምቤታ አልሳቀችም። ደስታ ይሁን ንዴት አልለይላት አለ። ንዴቱ ቀደመ። ወደ ውሃው ጠርዝ ወጣች።

"ስድስት በጋ!" ብላ ጮኸች። "ስድስት በጋ ሙሉ ለዚህ መላጣ ኦክቶፐስ ስጠብስ፣ እርስዎ እዚያ ምን ሲያደርጉ ነበር?"

"የመጀመሪያው ዓመት እውነት ተይዤ ነበር፤" አለ ካፒቴኑ።

"የቀሩትስ?"

"ስፈራ ነበር።"

ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። የክሬኑ ሰውዬ እንኳ ሞተሩን አጠፋ።

"ሰው ያለ ምክንያት በሴት ወይዘሮ ደጅ ምን ብሎ ይቀመጣል?" አለ ካፒቴኑ። "ተያዝኩ ስል ማንም ምንም አይለኝም። ይሄው ነው፣ ኪራ ዛምቤታ። በመስኮቱ ልነግርዎት የነበረው ይህንኑ ነው፣ ሽምብራው አለቀ እንጂ።"

"አሁንስ ምክንያትዎ ምንድን ነው?"

ካፒቴኑ መርከቡ ላይ የተቆለለውን ሰንሰለት አየ፣ ሰዉን አየ፣ እሷን አየ። "የለኝም፤" አለ። "ምንም የለኝም። ግን መሄድ አልፈልግም።"

የዛምቤታ ዓይን እንባ አቀረረ። የሽንኩርት ነው እንዳትል ሽንኩርቱ ኩሽና ቀርቷል።

"እንዲህ ያለ ነገር ከባሕር ላይ እየተጮኸ አይነገርም፤" አለች። "መልሕቅዎን ያንሱና እዚህ ይምጡ።"

ያን ጊዜ የፔራኒ ሰው ካፒቴን ኢሲዶሮስን በሥራው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። መልሕቁን በአንድ ትንፋሽ አነሳ። ጀልባዋን በዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎችና በመርከቡ መካከል፣ እጅ በማታሾልክ ክፍተት፣ ማንንም ሳትነካ ወደ ኋላ አስገባትና ዛምቤታ እግር ሥር አቆማት። ሽማግሌዎቹ ዓሣ አጥማጆች ያሾፉበትን አምስት ክረምት አስበው አቀረቀሩ።

ገመዱን ወረወረ። ከጀልባ የሚወረወር ገመድ መቀበል የሚኬስ ሥራ ስለነበር በልማዱ ወደፊት ራመድ ሲል ሌሞኒያ ሸሚዙን ይዛ መለሰችው።

ገመዱን ዛምቤታ ቀለበችው። ድንጋዩ ላይ ባለው የብረት ቀለበት አሳልፋ አንድ ጊዜ ቋጠረችው፣ ጎተት አድርጋም አየችው፤ አይላላም። ከዚያ ደሴቲቱ በሙሉ ቆማ እያየቻት ሁለተኛ ቋጠሮ ደረበችበት።