እትዬ የታተመችበት ቀን

ካላንደር አዘጋጁ ጸጉሩ ሸብቷል፤ ለእህቱ ግን ዛሬም «ጩጬው» ነው። ያሳደገችው እሷ ናት። እሱም እትዬ እያለ አድጎ፣ እትዬ እያለ ሸበተ።

ሥራው በየማለዳው የሚገነጠለውን የግድግዳ ካላንደር ማዘጋጀት ነው። በየወረቀቱ ጀርባ፣ በዚያ ቀን የተወለደውን ሳይንቲስት ወይም የተገኘውን ግኝት ይጽፋል። እትዬም ተመራማሪ ናት። ልጆችን የሚያሳውረውን፣ በዓይን የማይታየውን ተባይ ከጉድጓድ ውሃ ውስጥ መጀመሪያ ያየችው እሷ ነበረች፤ ምስጋናውን ግን አለቆቿ ተቀራመቱት። ይህ ነገር ወንድሟን እንደ እሾህ ይወጋው ነበር።

«እሷንም ላስገባት» ቢል የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሳቀበት።

«ስንቴ ልንገርህ ወዳጄ? በሕይወት ያለ ሰው አናትምም። ነገ አንድ ጉድ ቢሠራስ? ሙት አያሳፍርም።»

ካላንደሩ የሚታተመው አዲሱ ዓመት ሳይገባ ነው። በዚያው ሰሞን እትዬ በጠና ታመመች። ሐኪሙ ወንድምየውን ወደ ኮሪደር ወስዶ «ዓመቱን አትሻገርም» አለው። አለቀሰ። እንባውን ጠራርጎ ማተሚያ ቤት ሄደና፣ ተባዩን ባገኘችበት ቀን ወረቀት ጀርባ ላይ ስሟን ጽፎ «በሞት የተለየችን» የሚል ጨመረበት። ባለቤቱም «ነፍስ ይማር» ብሎ አሳለፈው።

እናላችሁ ልጆቼ፣ እትዬ ተሻላት። ሾርባ ጠጣች፤ ሰንብታም «እስቲ ደግፈኝ» ብላ ተነሳች። ሐኪሙ ሲደነቅ ወንድምየው ግን ያሳተመው ነገር ትዝ አለው። ካላንደሩ በየቤቱ ተሰቅሏል። «ምነው እንደተባለው በሆነ» የምትል ሐሳብ ሽው አለችበት፤ በራሱም ደነገጠ።

ከእሷ ግድግዳ ያንን ወረቀት አስቀድሞ ገነጠለው። የጎረቤቷን ግድግዳ አላሰበውም። ቀኑ ሲደርስ ጎረቤቲቱ ጥቁር ለብሳ «ምነው ሳትነግሩን!» እያለች፣ ወረቀቱን እንደያዘች ብትገባ፣ ሟች ወንበር ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትቆርጣለች።

እትዬ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው።

«ጩጬው፣ ያንተ ሥራ ነው?»

«ልፋትሽ ተረስቶ እንዳይቀር ብዬ ነው፣ እትዬ። ሐኪሙ ተስፋ ቆርጦ ነበር።»

«ይሁን። ስድንስ? ስድን ምን አልክ?»

ዓይኑን ከዓይኗ አሸሸ። ዕድሜዋን ሙሉ ዓይን የማያየውን ስትፈልግ የኖረች ሴት ፊቱን ትክ ብላ አየችው።

«በቃ፣ አየሁት» አለች።

ከዚያ ወዲያ መድኃኒቷን ከእሱ እጅ አልቀበል አለች፤ የምታጠጣት ጎረቤቲቱ ሆነች። እሱ በሩ ላይ ቆሞ «እትዬ» ሲል ፊቷን ታዞራለች። ሕመሙ ተመልሶ መጥቶ ሲወስዳትም አልጠራችውም።