ለአንድ ቀን ብቻ

«አቁም ብዬሃለሁ! አቁም!» ዶርቃ ዳሽቦርዱን በመዳፏ ደበደበችው።

ባሏ ሉቃስ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ የመዝሙሩን ድምፅ ጨመረ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሥራው ይኸው ነው። አሮጌዋ ሚኒባስ ከዳሽቦርዱ ውስጥ ሲጥ ሲጥ ስትል መዝሙር ይጨምራል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሲሸት መስኮት ይከፍታል። መላ ተገኘና! ዛሬ ግን ሽታው ጉሮሮ ይከረክራል። ከኋላ ደግሞ ከጀበል ሰፈር ወደ አማራት ሰፈር ለትምህርት የሚመላለሱ አምስት የሰው ልጆች ከራሳቸው ልጅ ከፀጋ ጋር ተደርድረዋል።

«አባዬ፣ ዓይኔን አቃጠለኝ» አለች ፀጋ።

«ሰማህ? ወይ አሁኑኑ ኻሊድ ጋራዥ ትገባለህ፣ ወይ በሩን ከፍቼ እዘላለሁ!»

እንደማትቀልድ ያውቃታል፤ ገባ።

ኻሊድ ወሬ የማያበዛ የጅማ ልጅ ነው። መጀመሪያ ልጆቹን አስወረደ። ከዚያ ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን ብቻ አዙሮ ማራገቢያውን ከፈተ፤ ሲጥታው መጣ። ዘጋው፤ ጠፋ።

«ማራገቢያው ሊነክስ ነው። መዞር ሲያቅተው ብዙ ኮረንቲ ይስባል» አለ። «ግን እኮ ፊውዙ ተቃጥሎ ማቋረጥ ነበረበት። ለምን አላቋረጠም?»

ቁልፉን መልሶ አጠፋና ከመሪው ሥር ተንበርክኮ ከፊውዝ ሳጥኑ አንድ የጠቆረ ነገር በፒንሳ መዞ አወጣ። ዶርቃ ወዲያው አወቀችው። የራሷ የፀጉር ማስያዣ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለችው ሰማያዊ ቢራቢሮ ግማሿ ቀልጧል።

በመጋቢት ሙቀት ማራገቢያው ቀጥ ብሎ፣ ልጆቹ ላብ በላብ ሲሆኑ፣ ሉቃስ «እስኪ ያንን ከፀጉርሽ ስጪኝ፤ ፊውዝ እስክገዛ ለአንድ ቀን ብቻ» አላት። ነቅላ የሰጠችው ራሷ ናት።

«አምስት ወር!» ደሟ ፈላ። «ወይ ነዶ! እኔ እኮ ቀይሮታል ብዬ ነው!»

«ረሳሁት። ቀስ በይ፣ ልጆቹ ይሰማሉ። ጌታ ጠብቆናል።»

«ጌታ አፍንጫ ሰጥቶህ የለ? እኔንስ አልሰጠህም? ሸተተኝ ስልህ አፍንጫሽን ታከሚ አልከኝ!»

ኻሊድ ልባሳቸው የቀለጠ ገመዶችን ጎትቶ አሳያቸው። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው። እነዚህ ሳይቀየሩ መኪናዋ አትነሳም፤ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።»

ሉቃስ ሰዓቱን አየ። «ወላጆቹን ምን እላቸዋለሁ? ከሰሙ እኮ ልጆቻቸውን ይወስዱብናል፤ በሰው አገር ሌላ እንጀራ የለንም! ኻሊድ፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ዝም ብለህ በፕላስተር ጠቅልልልኝ፤ ለዛሬ ብቻ።»

ለዛሬ ብቻ! ሰውዬው አሁንም አልገባውም። ዶርቃ አንገቷን በመስኮቱ አስግጋ ቁልፉን ነቀለችና ለኻሊድ ሰጠችው።

«ሠርተህ ሳትጨርስ እንዳትሰጠው። ለእሱም ለእኔም።»

ሁለት ራክሻ ባጃጆች ጠርታ ልጆቹን ሦስት ሦስት አድርጋ አስቀመጠች። ራሷም ከትንንሾቹ ጋር ገብታ ስልኳን አወጣች።

«ለማን ልትደውዪ ነው?» ሉቃስ የራክሻውን ብረት ጨብጦ ቆመ። «ዶርቃ፣ ተይ! ልጆቹ ደህና አይደሉ?»

ቁጥሩን ነክታ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«ሄሎ፣ እህት የኔነሽ? ዶርቃ ነኝ። ልጅሽ ደህና ነው፣ አጠገቤ ነው። ግን መኪናችን ውስጥ እሳት ሊነሳ ነበር። በፊውዝ ቦታ የተሰካው የእኔ ፀጉር ማስያዣ ነው፤ እኔ ነኝ የሰጠሁት… አዎ፣ እኛው ነን ያጠፋነው።»

ዘጋችና የሚቀጥለውን ቁጥር ፈለገች።