በጨዋነት የመጣ ቁስል

ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት ሰው በወባ፣ በወሊድ፣ በጥይትና በአረቄ ሲሞት አይቻለሁ። በጨዋነት ሊሞት የደረሰ ሰው ያየሁት ግን አንድ ብቻ ነው። እሳቸውም የቡሬዋ እመት ካሰች ናቸው።

ያኔ የምሠራው ፍኖተ ሰላም ከተማ ዳር፣ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ባለች አንዲት የአረጋውያን መጦሪያ ነበር። ያለን አሥራ አራት አልጋ፣ አንድ እኔ፣ አንድ ቢሆነኝ የሚባል አስታማሚ ነው። ዘመኑ ሁሉ ነገር በአንድ ለአምስት የሚደራጅበት ስለነበር፣ አንድ ካድሬ መጥቶ ከአልጋ የማይወርዱትን አረጋውያን ሳይቀር አደራጅቶልን ሄደ። ከአልጋቸው መነሳት የማይችሉ አምስት ሰዎች በየሳምንቱ ተሰብስበው እንዲገማገሙ ቅጽም ሰጥቶናል። ቅጹ ወፍራም ወረቀት ስለነበረ የተሰበረ መስኮት ደፈንበት።

እመት ካሰች የመጡት ዳሌያቸው ተሰብሮ ነው። ልጅ የላቸውም። በጉብዝናቸው ዘመን ቡሬ ውስጥ እንግዳ የማይለየው ትልቅ ቤት ነበራቸው፤ ከዚያ ሁሉ የተረፈው አንድ የወንድማቸው ልጅ በሚኒባስ አምጥቶ አስረከበንና በዚያው ሚኒባስ ተመለሰ። ሲመጡ የመኝታ ቁስል ጀምሯቸው ነበር።

የመኝታ ቁስል የሰነፍ ቤት ምልክት ነው ብለው ያስተማሩን ስለሆነ እኔ በእሱ ነገር እብድ ነኝ። ሰው አንድ ቦታ ብዙ ሰዓት ከተኛ አጥንቱ ሥጋውን ፍራሹ ላይ ይጫነዋል፤ ደም መሄጃ ያጣል፤ ሥጋው ባለቤቱ በሕይወት እያለ ይሞታል። መጀመሪያ ቅላት ነው፣ በጣት ሲጫኑት የማይነጣ ቅላት። ያን ጊዜ ካልደረሱበት ቆዳው ይከፈታል፣ ከዚያ ጉድጓድ ይሆናል፣ ከዚያ አጥንት ይታያል፣ ከዚያ ቄስ ይጠራል። የእመት ካሰች ከወገባቸው በታች፣ ልክ መቀመጫቸው መሃል ያለው አጥንት ላይ ነው። የቡና ስኒ አፍ ያህላል።

ያላደረግሁት ነገር የለም። በየሁለት ሰዓቱ ከግራ ወደ ቀኝ እናገላብጣቸዋለን፣ በጉልበታቸው መሃል ትራስ እናስገባለን፣ ተረከዛቸውን ከፍራሹ እናነሳለን። ቁስሉን በፈላና በቀዘቀዘ የጨው ውሃ አጥቤ በንጹሕ ማር እሸፍናለሁ። ቢሆነኝ የመኪና ከመነዳሪ ነፍቶ ከሥራቸው ሊያስገባ ሲል ደርሼ ወረወርኩበት፤ ክቡ ጎማ ዙሪያውን ደም ስለሚያንቅ ቁስሉን ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም። እንቁላል እንዲበሉም ለመንኳቸው። ጾም ነበርና የነፍስ አባታቸው ፈቀዱላቸው፤ እሳቸው ግን ለነፍስ አባታቸው አልፈቀዱም።

በአምስት ሳምንት ቁስሉ ቅንጣት አልዳነም። ይባስ ብሎ ጠርዙ በየማታው እንደ አዲስ ተቀዶ ይቆየኛል። እኔ በሌለሁበት ሰዓት ቢሆነኝ ለጥ ብሎ እየተኛ ነው ብዬ ደመደምኩና ሰው ሁሉ በሚሰማበት አዋረድኩት። እሱም በቅዱስ ሚካኤል ማለ፣ ከዚያ ለሦስት ቀን አኮረፈኝ። አገላባጩ ሲያኮርፍ ሥራው እንዴት እንደሚሄድ አስቡት።

እውነቱን የነገረችኝ እህተ ማርያም ናት። የእመት ካሰች የክፍል ጓደኛ ናት፤ ሁለቱም ዓይኖቿ አያዩም። አርባ ዓመት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስትለምን ኖራ ጉልበቷ ሲከዳት ነው ወደ እኛ የመጣችው። ዕድሜዋ ከእመት ካሰች ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ ግን ለማኝ ስለነበረች ይሁን ሌላ፣ እኔን ጨምሮ ሁላችንም አንቺ ነበር የምንላት። ቁስሉን ጠርጌ ስወጣ ኮሪደር ላይ እጄን ያዘችኝ።

«ቢሆነኝን አትቆጪው ሲስተር» አለችኝ። «እመት ካሰች ናቸው። ሰው በገባ ቁጥር ይጎተታሉ። አንሶላው ሲፋቅ እሰማለሁ።»

በማግስቱ የገበያ ቀን ስለነበረ ጥግ ላይ ጋቢ የምጣጥፍ መስዬ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ከቡሬ የመጣች ሴትዮ ናት። ገና እግሯ ደፉን ሲረግጥ እመት ካሰች ክርናቸውንና ተረከዛቸውን ፍራሹ ላይ ተከሉና፣ ይህችን በምታክል ጉልበት ወገባቸውን አንድ ስንዝር ወደ ላይ ጎትተው «ኖር» አሉ። ሴትዮዋ «በእግዜር፣ በእግዜር» አለች። እመት ካሰችም ክብር ተጠብቆ ያቺኑ አንድ ስንዝር ወደ ታች ተንሸራተቱ። እስከ ምሳ ድረስ አሥራ ሰባት ጊዜ ተነሱ። ለቄስ ተነሱ፣ እንጨት ላራገፈው ጋሪ ነጂ ተነሱ፣ በር ተሳስቶ ገብቶ ይቅርታ ብሎ ለወጣ ሰውዬም ተነሱ።

እንዲህ ሲሆን ቆዳው አንሶላው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ አጥንቱ ይሄዳል፣ መሃል ያለው ሥጋ ይቀደዳል። እኔ አምስት ሳምንት ማር የምቀባው እሳቸው በጨዋነት ለሚቀዱት ሥጋ ነበር። ተናደድኩና በዚህ ከቀጠሉ ለፍልሰታ እንደማይደርሱ በግልጽ ነገርኳቸው።

«ሰው ሲገባ ተጋድሜ የማይ ከብት ነኝ ልጄ?» አሉኝ። ቀጥሎ ማን እንደነገረኝ ገባቸውና ወደ እህተ ማርያም አልጋ ዞሩ። «የቤተ ክርስቲያን በር ለማኝ ስለ መነሳት ምን ታውቃለች?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እመት ካሰች በእሷ ላይ አፋቸውን ዘጉ።

እኔ ደግሞ በሩን ዘጋሁ። ጠያቂ ክልክል ነው ብዬ ጽፌ ለጠፍኩበት። በአሥር ቀን ውስጥ ቁስሉ መሃሉ ቀይ፣ ጤነኛ ሥጋ ያበቅል ጀመር፤ ጠርዙም መቀደዱን ተወ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ቢሆነኝን ይቅርታ ጠየቅሁት፣ እሱም ይቅርታዬን ጮክ ብዬ እንድደግመው ጠየቀኝ። እመት ካሰች ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ገንፎውን ቀምሰው ይመልሳሉ፣ ወተቱን ይመልሳሉ፣ እኔንም ይመልሱኛል። ሳይበላ የሚሞላ ቁስል ደግሞ የለም። ቁስሉ ሲድን ባለቁስሏ ሊሞቱብኝ ሆነ።

መላውን ያመጣው ቢሆነኝ ነው። በልጅነቱ ድቁና ጀምሮ የተወ ስለሆነ ከትምህርቱ የተረፈው መጋረጃ ማክበር ብቻ ነው። በአልጋቸው ዙሪያ አቡጀዲ እንጋርድ፣ ጠያቂው ይግባና ይቀመጥ፣ ከዚያ እንክፈት አለ፤ ለተቀመጠ ሰው የሚነሳ የለምና። ሲወጣም እንደዚያው። እመት ካሰች ሁለት ቀን አጉረመረሙ። በሦስተኛው ቀን መጋረጃው ከአቡጀዲ የተሻለ ጨርቅ እንደሌለው ጠየቁ፣ ገንፎውንም ጨረሱ።

ወሬው ሲሰማ ጠያቂው እጥፍ ሆነ። ከዞን ባለሥልጣኖች ካሜራ አስከትለው ለጉብኝት የመጡ ጊዜም ቢሆነኝ ሕጉን አላላላም። አለቃቸው አስከሬን አለ ወይ ብለው ጠየቁ፤ ቢሆነኝ የለም፣ ግን ካልተቀመጡ አይከፈትም አላቸው። ስድስት ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰዎች በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣበው ተቀመጡ። መጋረጃው ሲከፈት እመት ካሰች አንድ በአንድ አይተዋቸው ማን እንደወለዳቸው ጠየቋቸው።

በአራተኛው ወር ቁስሉ ገጠመ። ቆዳው ስስ ነው፣ ፈዛዛ ነው፣ ግን ቆዳ ነው። በመስተዋት አሳየኋቸው፤ ባዩት ሥፍራ አፍረው ሳቁ። ከዚያ እንግዲህ መነሳት እችላለሁ ወይ አሉኝ። ጠባሳ ዕድሜ ልኩን እንደ ድሮው ቆዳ እንደማይጠነክር፣ አንድ ሳምንት ቢጎተቱበት እንደገና እንደሚከፈት፣ መጋረጃው ከእንግዲህ የዘላለም መሆኑን ነገርኳቸው።

«ታዲያ ለምን አዳንሽኝ?» አሉ።

አራት ወር ሙሉ ማር ቀብቼ፣ በየሁለት ሰዓቱ አገላብጬ፣ የሚከፈለኝ ይኼ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ግምጃ ቤት ገብቼ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ የገዛ ሥራዬ ትዝ አለኝ፤ ቆዳ የሚቀደደው ሲጎተት ነው እንጂ ሲነሳ አይደለም።

ቢሆነኝን ጠርቼ በአንድ ጆንያ ጤፍ ተለማመድን። አንዳችን ከግራ፣ አንዳችን ከቀኝ፣ ክንድ ከጭን ሥር፣ ክንድ ከጀርባ፣ ከፍራሹ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ። የእኔ ወገብ ለዚህ የተሠራ ስላልሆነ ለእመት ካሰች የምችለውን ነገርኳቸው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአንድ ሰው ብቻ አነሳዎታለሁ፤ ማንን እንደምጠራልዎ ይምረጡ አልኳቸው። መጥራት አያስፈልግም፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተዘጋጁ አሉኝ።

ቤቱ በሙሉ ግምት ጀመረ። ግማሹ የደብሩ አለቃ ናቸው አለ፣ ግማሹ የወንድማቸው ልጅ ነው። ቢሆነኝ የዞኑ ሰውዬ ናቸው ብሎ ከወጥ ቤቷ ጋር ተወራረደ። እሑድ ጠዋት ነጭ አልብሰናቸው፣ መጋረጃውን ከፍተን፣ ክንዳችንን ከሥራቸው አስገብተን በሩን እያየን ቆምን። ቅዳሴው አልቆ ሰዉ በመንገዱ ሲያልፍ ይሰማናል። ማንም ወደ እኛ አልታጠፈም።

ከዚያ የዱላ ድምፅ መጣና እህተ ማርያም እንደ እሑዱ ሁሉ ግድግዳውን እየዳሰሰች ገባች። እመት ካሰች ትከሻዬን ጨበጡት። አነሳናቸው። አካላቸው ከአልጋው ተለቀቀ፣ እግራቸው ወለሉን ነካ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ኖር» አሉ።

እህተ ማርያም ባለችበት ቆመች። ከዚያ ፈጥና ከበሩ ፈቀቅ አለችና ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ከኋላዋ የሚገባው ትልቅ ሰው እንዲያልፍ መንገድ መልቀቋ ነው። ከኋላዋ ማንም አልነበረም።

«ኖር» አሉ እመት ካሰች እንደገና።

«ማን መጣ ሲስተር?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አንቺ ነሽ የመጣሽው» አሉ እመት ካሰች። «አራት ወር ሙሉ እዚህ ስትገቢ ስትወጪ አንድ ቀን ተነስቼልሽ አላውቅም። ግቢ እንግዲህ፣ የእነዚህ ክንድ ዛለ።»

መልሱን ታውቀዋለች። አርባ ዓመት በር ላይ ተቀምጣ ሰዎች በላይዋ ሲባባሉት ሰምታለች። ልትናገረው ስትል ግን አፏ እሺ አላላትም፤ ከንፈሯ ብቻ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንቀሳቀሰ። በመጨረሻ «በእግዜር» የሚል ነገር፣ ከቅርብ ካልሆነ በማይሰማ ድምፅ፣ ከአፏ ወጣ።

ወገቤ እየተቆረጠ ነበር፣ ቢሆነኝም ላቡ ይንጠፈጠፋል። እህተ ማርያም አልጋዋን ዳብሳ አግኝታ በደንብ እስክትቀመጥ ድረስ ግን እመት ካሰችን አላወረድናቸውም።