ማንነቱ ያልተጠየቀ ጠያቂ

የደህንነት ካሜራ የምትተክለው ባለሙያ ከሙያ አጋሮቿ ጋር በምትመካከርበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ አንድ ሰው፣ «የደንበኛዬ ካሜራ ይለፍ ቃል ጠፍቶብኛል፤ ከሩቅ እንዴት ልግባ?» ብሎ ጠየቀ። እሷም እዚያ ያለው ሁሉ ባለሙያ ነው ብላ፣ ማንነቱን ሳታጣራ መንገዱን አንድ በአንድ ጻፈችለት።

ከምሳ በኋላ ሰውየው፣ «እጅሽ ይባረክ፣ ሠርቷል» ብሎ ለብቻዋ ፎቶ ላከላት። አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ ትተኩሳለች። ከሥሩ፣ «ካሜራዋን ይዛ ቤት ስትቀይር ያመለጠችኝ መስሏት ነበር» ይላል።

ባለሙያዋ እንደ ምንም ራሷን አረጋግታ፣ «መስመሩ እንዳይቋረጥብህ እኔም ልየው፤ የካሜራውን መለያ ቁጥር ላክልኝ» አለችው። አመናትና ላከ። ባስተማረችው መንገድ ራሷ ገባችና በካሜራው ድምፅ ማጉያ በቀስታ ተናገረች።

«እህቴ፣ አትደንግጪ። የሸሸሽው ሰው በዚህ ካሜራ እያየሽ ነው። ገመዱን ንቀይና ሰው ወዳለበት ሂጂ።»

ሴትየዋ ካውያውን ጥላ ዞረች። ፊቷ ዐመድ መስሏል።

«ቤቴ የት እንደሆነ ያውቃል?» አለች።

«እኔ እንጃ» አለች ባለሙያዋ።

ሴትየዋ ገመዱን ስትነቅለው ምስሉ ድርግም ብሎ ጠፋ።

ባለሙያዋ የጻፈችውን ከመድረኩ ሰረዘች፤ ሠላሳ ሰው ግን አስቀድሞ ለራሱ ገልብጦታል። ለፖሊስ እየደወለች ሳለ ከሰውየው መልእክት ገባ፦ «የሱቅሽ አድራሻ መድረኩ ላይ ስምሽ ሥር ተጽፏል።»

ተነሥታ በሩን ከውስጥ ቆለፈች፤ ስልኩ እስኪነሣላት ድረስም ቁልፉን ጨብጣ ቆመች።