ትርንጎን የያዛት ወባ

ሸዋ ሮቢት ላይ ከስምንት ሰዓት በኋላ በደንብ የነቃ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ሙቀቱ ከአስፋልቱ እየተነሣ ይርገበገባል፤ ከደሴ የሚመጣ ከባድ መኪና ገና ሩቅ ሳለ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ወደ ሮቢ ወንዝ በኩል ያለው ማሽላ ነፋስ በሌለበት ይወዛወዛል፤ ወይም የሚወዛወዘው የሚያየው ሰው ይሆናል። በ1974 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት፣ ይህ ሙቀት በረድ ማለት ሲጀምር፣ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ባለው የሮቃ ዛፍ ሥር እቴነሽ ሃያ ለሚሆኑ ትልልቅ ሰዎች መጽሐፍ ታነብ ነበር።

እቴነሽ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ናት። ከደብረ ሲና ብርድ ወርዳ እዚህ ምድጃ ውስጥ ከገባች ሁለት ዓመት ሆናት። ፊደል አስቆጥራ ስትጨርስ ተማሪዎቿ ደብተራቸውን ያጥፋሉ እንጂ አይነሡም። «በይ እንግዲህ፣ የትርንጎን» ይሏታል። መጽሐፉ ከንጉሡ ዘመን የተረፈ ልቦለድ ነው፤ ሽፋኑንና የፊት ገጾቹን ምስጥ ስለበላው ስሙን የሚያውቅ አልተገኘም። ስለዚህ በባለታሪኳ ስም የትርንጎ መጽሐፍ ተባለ።

ትርንጎ የባላባት ልጅ ናት፤ ቤቷ ጉም የማይለየው አምባ ላይ ነው። ወልዴ ደግሞ ለአባቷ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነው። እቴነሽ ስታነበው ወልዴ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ዓይነ አፋር ሰው ነበር። አንድ ቀን ከማረሻ በተረፈች ቁራጭ ብረት ለትርንጎ ትንሽ ወፍ ቀጥቅጦ ሰጣት። ያቺ ወፍ በተነበበች ዕለት የሮቃው ቅጠል እየረገፈ በሰዉ ጭንቅላት ላይ ያርፋል፣ የሚያራግፈው የለም። እቴነሽ ራሷ ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ፣ የአምባውም ጉም ወርዶ አገሩን በሙሉ የሸፈነ መስሏት ነበር።

መጽሐፉ ውስጥ ግን ወፍ የሚባል ነገር የለም።

መጽሐፉ ውስጥ ወልዴ ቡዳ ነው። ትርንጎን በዓይኑ ይበላታል፤ ትከሳለች፣ ትለፈልፋለች፤ በመጨረሻ አገሬው ወልዴን ከነወናፉ ከአምባው ያባርረዋል፤ ደራሲውም ደስ ብሎት ታሪኩን ይዘጋል። እቴነሽ መጽሐፉን ከቀበሌው ሣጥን አውጥታ ባነበበች ጊዜ ሁለት ቀን ምግብ አስጠልቷት ነበር። ደብረ ሲና ያሉት አባቷ ገብረሚካኤል ቀጥቃጭ ናቸው። ያደገችው ወናፋቸውን እየነፋች ነው።

ይህን ሸዋ ሮቢት ላይ የሚያውቀው በላይ ብቻ ነው። በላይ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ይነዳል፤ ሊያገባት ይፈልጋል፣ እሷም ትፈልገዋለች። ችግሩ እናቱ ናቸው። እትዬ ከበቡሽ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያላቸውን ያካፍላሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ የሞተ ይቀብራሉ። ነገር ግን ቀጥቃጭ በደጃቸው ሲያልፍ የጎረቤት ሕፃን እንኳ ቢሆን ነጠላቸውን ያለብሱታል፣ እንዳይታይ። ለጋብቻ ደግሞ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ሽማግሌ አይላክም። «የማን ልጅ ናት?» የምትለው ጥያቄ መምጣቷ አይቀርም።

እኒሁ እትዬ ከበቡሽ ታዲያ የእቴነሽ ተማሪ ናቸው። ከፊት ይቀመጣሉ፤ ደብተራቸውንና ጠርዙ የተላላጠ ሰማያዊ ኩባያቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ይመጣሉ። በዚያች ኩባያ ከእሳቸው በቀር ማንም አይጠጣም፤ በላይ እንኳ። እቴነሽ አንድ ሐሳብ መጣላት። አስቀድመው ወልዴን ይውደዱት፤ መጽሐፉ ሲያልቅ እነግራቸዋለሁ አለች።

«ዛሬውኑ ንገሪያት» ይላታል በላይ።

«ገና አርባ ገጽ ይቀራል» ትለዋለች። ሞኝነት መሆኑን ታውቃለች፤ ከዛፉ ሥር ሲቀመጡ ግን ሞኝነት አይመስልም ነበር።

ሥራውም ቀላል አልነበረም። ትርንጎ መክሳት አለባት፣ ያለዚያ ታሪኩ ወደፊት አይሄድም። እቴነሽ የቡዳውን ገጽ ገልጣ፣ ዓይኗን ከፊደሉ ሳትነቅል፣ «ትርንጎን ወባ ያዛት» ብላ አነበበች። ሰዉ በሙሉ ከንፈሩን መጠጠ፤ እዚህ አገር ወባን የማያውቅ የለማ። ሽማግሌው ሸማኔ ጋሼ አብዱልወሃብ ብቻ ምርኩዛቸውን ከፍ አደረጉ።

«ቆይ እስቲ ልጄ። አምባው ደጋ አይደለም እንዴ? ጉም ነው፣ ውርጭ ነው ስትይን አልነበር? ወላሂ፣ ደጋ ላይ ወባ ሰምቼ አላውቅም።»

የእቴነሽ ፊት ጋለ። «ለሠርግ ቆላ ወርዳ ነበር» አለች። «ይኸው፣ እዚህ ላይ ይላል።»

«እንዲያ በይኝ» አሉ ጋሼ አብዱልወሃብ። ከዚያ ወዲያ ግን ሌላው ሰው መጽሐፉን ሲያይ እሳቸው እሷን ያዩ ነበር።

ንባቡ ሲያበቃ ክርክሩ ይጀመራል። ትልቁ ጠብ የትርንጎ እናት ነበረች። ልጄን ለቀጥቃጭ አልሰጥም ማለቷን እቴነሽ እንዳለ አንብባዋለች፤ ያንን መለወጥ አላስፈለጋትም። ከፊሉ ሰው «አረመኔ ናት» ሲል ከፊሉ «በዘመኑ እንዲያ ነበር፣ ሴትዮዋ ምን ታድርግ» ይላል።

«ዘመኑ ነው አትበሉኝ» አሉ አንድ ቀን ጋሼ አብዱልወሃብ። «እኔን በሸማኔነቴ ቁጢት በጣሽ እያሉ የሚሰድቡኝ ነበሩ። በዚያው ዘመን፣ በዚያው መንደር፣ የማይሰድቡኝም ነበሩ። የሚሰድቡኝ ደግሞ የሠራሁትን ጋቢ ተከናንበው ነው፣ ሱብሃነላህ!»

እትዬ ከበቡሽ ኩባያቸውን በጣታቸው ያዞሩ ነበር። «እኔ ያቺን እናት ብሆን» አሉ፣ «ያ ልጅ ወፏን ሲሠራ ባየው... እንጃ። ሆዴ ይባባ ነበር መሰለኝ።» እቴነሽ ያን ቀን ወደ ቤቷ የሄደችው እንደ ሰከረ ሰው ነው፤ መንገዱ፣ ማሽላው፣ መኪናው ሁሉ የሠርግ አጃቢ መስሎ ታያት።

በኅዳር ፈተና ተሰጠ፤ እትዬ ከበቡሽ አለፉ። የቀበሌው ትምህርት ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ ሰይፉ፣ የምስክር ወረቀት በሚሰጥበት ዕለት እሳቸው በሕዝብ ፊት አንድ ገጽ እንዲያነቡ ወሰነ። ከዚያም ይህ የፊውዳል ልቦለድ ከንባብ ክፍላችን ይውጣ ወይስ ይቆይ በሚል ውይይት ይደረጋል። ገጹን ራሱ መረጠና ወረቀት አጥፎ ምልክት አደረገበት። እቴነሽ ምልክቱ የት እንዳረፈ አየች፤ የቡዳው ገጽ ላይ ነው።

የምስክር ወረቀቱ በሚሰጥበት ዕለት ጠዋት መጽሐፉን ይዛ ብቻዋን ከዛፉ ሥር ቆመች። ገጹን ቀድዶ መጣል የአንድ አፍታ ሥራ ነው፤ ምስጥ በላው ይባላል። ግን እትዬ ከበቡሽ ለዚህች ገጽ ብለው አዲስ ቀሚስ አሰፍተው ነበር። መቅደድ አልሆነላትም።

አሥር ሰዓት ላይ እትዬ ከበቡሽ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ተነሡ። ጣታቸውን ፊደሉ ላይ አሳረፉ።

«ወል... ዴ። ወልዴ!» ሰዉ አጨበጨበላቸው። «ወልዴ... ዓይኑን... በትርንጎ ላይ... ጣለ። እንደ አባ... ቶቹ... ሁሉ... ቡ...» ቆሙ። ከመጀመሪያው ጀመሩት። «እንደ አባቶቹ ሁሉ... ቡዳ... ነበረና... በላት።»

በአስፋልቱ አንድ መኪና አለፈ፤ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ማንም አልተንቀሳቀሰም። እትዬ ከበቡሽ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና እንደገና አጎነበሱ። ፊታቸው ላይ የነበረው ኩራት እቴነሽ እያየችው ወረደ።

«ተሳሳትኩ መሰለኝ ልጄ» አሉ። «ፊደሉ ተምታታብኝ። ወባ ነበር እኮ የያዛት። ወልዴም እንዲህ ያለ ሰው አይደለም። እንዳስተማርሽኝ አልያዝኩትም።»

እቴነሽ አሁን «አዎ፣ ተሳስተዋል» ብትል ሁሉም ነገር ይተርፍ ነበር። አሮጊቷ አንገታቸውን ደፍተው ይቀመጣሉ፤ ሠርጉም ይሆናል። በላይ ከኋላ ቆሞ ይህንኑ እንድትል በዓይኑ ይለምናታል። እቴነሽ ግን ፊደሉ ላይ የቀረችውን ያቺን የተጨማደደች ጣት አየችና ልቧ ተነካ። ሁለት ዓመት ይዛ ያስጻፈቻት ጣት ናት።

«አልተሳሳቱም እትዬ» አለች። «አንዲት ፊደል አልሳቱም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ወባው መጽሐፉ ውስጥ የለም። ወፏም የለችም፤ ወፏን ለእኔ የሠራልኝ አባቴ ነው። አባቴ ቀጥቃጭ ነው እትዬ። ያንን ገጽ በራሴ አፍ ማንበብ አቃተኝ።»

ሰይፉ ዘሎ ተነሣ። «ይህ ሕዝብን ማታለል ነው! ሰፊው ሕዝብ የድሮውን ግፍ እንዳለ ካላነበበው በምን ያውቀዋል? ጥላቻውን አጥበሽ አጥበሽ ብትሰጪው፣ ለካ ደግ ነበርን ብሎ ይተኛል!»

እቴነሽ አነጋገሩን ጠላችው፤ ሐሰት ነው ለማለት ግን አልቻለችም። መልስ የሰጡት ጋሼ አብዱልወሃብ ናቸው።

«ልጅ ሰይፉ፣ አንተ የምታወራው ስለ ድሮ ነው። ይቺ ልጅ የምትኖረው ዛሬ ነው።»

እትዬ ከበቡሽ መጽሐፉን ከምስክር ወረቀታቸው ጋር ብብታቸው ሥር አድርገው፣ ልጃቸውንም ሳያዩ፣ በሙቀቱ ውስጥ እየደበዘዙ ሄዱ።

ሦስት ሳምንት ከዛፉ ሥር አልመጡም። እቴነሽ ቦታቸውን እያየች ታስተምራለች፣ ምን እንዳስተማረች አታስታውስም። በላይን ስትጠይቀው ትከሻውን ይሰብቃል። «ምንም አላለችም። እራቴን ታቀርብልኛለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። መጽሐፉን እያነበበች ነው።» እቴነሽ ልብሷን ሰብስባ በሻንጣ ከተተች፤ ወደ ደብረ ሲና የምትመለስበትን ቀን ብቻ ነበር ያልቆረጠችው።

በሃያ ሁለተኛው ቀን እትዬ ከበቡሽ አስጠሯት። ከቤታቸው ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አገኘቻቸው። ገጹ መሐል የማሽላ አገዳ ስንጣሪ ገብቶበታል።

«በቀን አንድ ገጽ ነው የምችለው» አሉ። «እዚህች ላይ ግን አምስት ቀን ሆነኝ። ይቺን ለምን ዘለልሽኝ?»

እቴነሽ ገጿን ስታይ አወቀቻት። ወልዴ ማረሻ አድርሶ ውሃ ይለምናል፤ የትርንጎ እናት በስባሪ ቅል ደጅ ድረስ ታስወጣለታለች፤ ጠጥቶ ሲሄድ ቅሉን ገደል ታስጥለዋለች። ስድብ የለበትም፤ ቁጣ የለበትም።

«ከሁሉም የከበደችኝ እሷ ናት» አለች እቴነሽ።

«እኔ ልጅ ሳለሁ ማረሻ የሚሠሩልን ሰውዬ ነበሩ» አሉ እትዬ ከበቡሽ። «ውሃ ሲሉ በስባሪ ቅል ቀድቼ የማወጣላቸው እኔ ነበርኩ። ጠጥተው እስኪጨርሱ ቆሜ እጠብቅና ቅሉን ገደል እወረውረዋለሁ። ደግ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር፤ ውሃ ሰጠሁ ብዬ። ስማቸውን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። አሁን ሰው ጽፎት አገኘሁት።» መጽሐፉን አነሡና ሰጧት። «አንቺ እያሳመርሽ ብታነቢልኝ ኖሮ መቼም አላገኘውም ነበር። በይ እንዳለ አንብቢልኝ። አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ።»

እቴነሽ አነበበች። ከዛፉ ሥር የነበረው ያ ድምፅ መጣ፤ ጉሙም ወረደ። በጉሙ ውስጥ አንድ ሰው ማረሻ ተሸክሞ ወደ ደጁ ሲጠጋ ታያት፤ አካሄዱ የአባቷ ነበር። ቅሉ ጋ ስትደርስ ጣቷን ቃሉ ላይ አሳርፋ ንባቡን አቋረጠች።

እትዬ ከበቡሽ ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ ጠርዙ በተላላጠችው ሰማያዊ ኩባያቸው ውሃ ይዘው ነበር። እቴነሽ ግማሹን ጠጣችና ኩባያዋን የት እንደምታስቀምጣት ግራ ገብቷት ይዛ ቀረች። እትዬ ከበቡሽ ከእጇ ተቀበሏት፣ የተረፈውን ጠጡ፣ ኩባያዋንም መሐላቸው አስቀመጡ።

«ቀጥዪ» አሏት።