በክኒን ፈንታ እንጆሪ

ልብስ ሰፊዋ እናቷን ማስታመም ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። የደም ግፊት ክኒናቸውን የምታቀብለው፣ ገላቸውን የምታጥበው፣ ጨው አልባ ወጣቸውን የምትሠራው እሷ ናት። እናትየው ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር አፋቸውን ሞልተው የሚያወሩት ስለ ታናሿ ነው።

ታናሿ የምግብ ላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥቁር እንጆሪ ይዛ ብቅ ትላለች።

«እማዬ፣ ይኼ ጥቁር ቀለሙ አንቲኦክሲዳንት ነው። ሴሎቻችንን ከጉዳት ይከላከላል፤ ለደም ሥርም ደግ ነው።»

«አየሽ የተማረ ሰው!» ይላሉ እናትየው፣ ወደ ትልቋ ዞረው።

ልብስ ሰፊዋ «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ትላለች በሆዷ።

አንድ ሰኞ አልጋ ስታነጥፍ ትራስ ሥር አምስት ክኒኖች አገኘች። ወዲያው ገባት። እናቷ በእንጆሪው ተማምነው መድኃኒቱን ትተዋል። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ‹ይቅር፤ ምሁሯ ጉድ ስትሆን ይታያል› ብላ ትራሱን መለሰችው።

ረቡዕ ጠዋት እናትየው ከአልጋ ሲነሱ ዞሮባቸው ግድግዳ ተደገፉ። ልብስ ሰፊዋ ካውያውን ጥላ ሮጠች፤ ደግፋ ታክሲ ውስጥ አስገባቻቸው። ሐኪም ቤት ሲለካ ግፊታቸው ጣራ ነክቶ ነበር።

«እንጆሪ ይብሉ፣ ጥሩ ነው» አለ ሐኪሙ። «ግን ከክኒኑ ጋር እንጂ በክኒኑ ፈንታ አይደለም።»

ታናሿ ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ደረሰች። ኮሪደሩ ላይ እያለቀሰች «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ክኒኑን እንዳትተዪ ማለት ነበረብኝ» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ስትመኘው የነበረው ይኼንኑ ነበር። ሲመጣ ግን አላስደሰታትም።

«ሰኞ ዕለት አይቻለሁ» አለች። «እማዬ ክኒኑን ትራስ ሥር ሸሽጋው ነበር። አንቺ እንድትወቀሺ ብዬ ዝም አልኩ።»

«በኔ ቀንተሽ በእናታችን ሕይወት ትጫወቻለሽ?»



ሁለት ሳምንት ተኳረፉ። እናትየው አገግመው ቤት ከገቡ በኋላ ታናሿ አንድ ረቡዕ ሳትጠራ መጣች፤ «ዛሬ ገላዋን እኔ ነኝ የማጥባት» ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ጆሮዋን ጣለች። የእናትና የልጅ ሳቅ ሰምታ ልቧ እንደገና ቆጠቆጣት።

ወዲያው እናትየው ጮኹ፦ «ኧረ ቆዳዬን ላጥሽው! እህትሽን ጥሪልኝ፤ እሷ ናት የምታውቅበት!»

ልብስ ሰፊዋ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። እጅጌዋን ሰብስባ ታናሿን ልታግዝ ገባች።