ዴዝመንድ ባሕሩን ሲከፍት

እና ይሸታል፣ ምን ይደረግ ይሸታል፣ ትናንት ገና ከመኪናው ስወርድ አፍንጫዬን ያለኝ እሱ ነው፣ ወዳጄ ፊሊፓ ግን አንገቴን አቅፋ፣ ሂላሪዬ የባሕሩ አየር አይገርምሽም፣ ሳንባ ያጥባል እኮ፣ እኔም፣ አዎ ይገርማል። ኤዲያ! ሽንት ቤት ነው የሚሸተው፣ የሰው ሽንት ቤት፣ ሳምንቱን የዘነበው ዝናብ የከተማውን ቱቦ ሁሉ ሞልቶ ባሕሩ ላይ ደፍቶታል፣ ይህንን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኗል፣ አረፋው መሐል አንድ ነጭ ነገር፣ አላይም፣ አየሁት፣ ዳይፐር። ቱ!

እና መንደሩ በሙሉ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ጠጠሩ ላይ ቆሟል፣ ቴርሞሱን ይዞ፣ ውሻውን ይዞ፣ ነፋሱ ቆዳ ይገሸልጣል፣ ማንም ግን በረደኝ አይልም። በሜይ ወር የመጀመሪያው እሑድ የመንደሩ ትልቅ ሰው ቀድሞ እስከ አንገቱ ካልገባ ባሕሩ አልተከፈተም፣ ወጉ ነው፣ ካልተከፈተ ደግሞ የበጋው እንግዳ አይመጣም፣ ሁሉም ቤቱን የሚያከራየው ለእንግዳ ነው። ዓሣ አጥማጁ ሽማግሌ ሲረል በክረምቱ ሞተ፣ ተራው የፊሊፓ ባል ሆነ። የዴዝመንድ! እግሩን ተቀዶ ገና ያልዳነው። ጠዋት ኩሽና ውስጥ ፋሻውን ስትቀይርለት አይቻለሁ፣ ቁስሉ አልገጠመም፣ ሥጋው ቀይ ነው፣ ዳቦዬን መልሼ አስቀመጥኩ። ሐኪሙ ምን አለ? ስላት፣ ሐኪም መቼ ዝም ይላል የኔ ቆንጆ፣ ብላ ማርማላታውን ገፋችልኝ።

አትግቡ የሚለው ቀይ ሰሌዳስ? ከአይስክሬም ሱቁ ጀርባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። ያዞረችው ፊሊፓ ናት፣ ዐይኔ እያየ፣ ይቅርታ እያለች፣ ለሰሌዳው! ሠላሳ ዓመት ወዳጆቼ ናቸው፣ ባሌ ሲሞት ሳጥኑን ዴዝመንድ በዚሁ እግሩ ነው የተሸከመልኝ፣ አሁን በዳቦ ላስቲክ ጠቅልሎት፣ ቆይ፣ እውነትም የዳቦ ላስቲክ ነው፣ በፕላስተር አስሮታል። ያውቃል ማለት ነው። ሁሉም ያውቃል። ዝም አይነቅዝም።

ተናገሪ ሂላሪ፣ ምን ይዞሻል፣ ከእንግዲህ አይጋብዙሽም እንጂ ሌላ ምን ያደርጉሻል፣ ዴዝመንድ ሱሪውን አወለቀ፣ ተናገሪ እንጂ አንቺ ሴትዮ፣ እና አንድ ድምፅ ይጮኻል፣ የራሴ ነው፣ ዴዝ አትግባ፣ ውሃው የሰው አር ነው፣ እግርህን ትቆረጣለህ!



ማንም አያየኝም። የመንደሩ ቄስ ውሻ ይደባብሳሉ፣ የራሳቸው እንኳን ያልሆነ ውሻ። አንዷ፣ ዘንድሮ ነፋሱ በረታ አይደል፣ ትላለች። ፊሊፓ በጥርሷ ብቻ ፈገግ ብላ፣ ሂላሪ መንገዱ አድክሟት ነው፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ ትላለች። ባሕሩን ያቆሸሽኩት እኔ ሆኜ አረፍኩት! ፊቴ ይቃጠላል፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ዴዝመንድ ብቻ ያየኛል። ይህን ፊት አውቀዋለሁ፣ ቤቴ በተበላሸ ወተት ያፈላሁትን ሻይ እስከ አተላው የጠጣበት ፊት ነው፣ አፍሮልኛል፣ ለእኔ፣ የኔን ነውር ሊሸፍንልኝ፣ አይ፣ አይ ዴዝ፣ በእኔ ምክንያት እንዳታደርገው፣ ገባ። ጉልበቱ፣ ወገቡ፣ ላስቲኩ ውሃ ሞልቶ ለብቻው ተንሳፈፈ፣ ደረቱ፣ አንገቱ፣ ከንፈሩ ጠቁሯል።

ግሩም ነው! ይላል።

ያጨበጭባሉ፣ እየጮኹ ይገባሉ፣ ቄሱም፣ ውሻውም፣ ግሩም ነው፣ ግሩም ነው፣ ፊሊፓ ፎጣውን ክንዴ ላይ ጣል አድርጋ፣ ያዢለት፣ ብላ ገባች፣ ጠጠሩ ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። እሱም አይወጣም፣ ያ ቡናማ ነገር አገጩን እየላሰው ቆሞ እኔን ያያል፣ ታዲያስ ሂላሪ፣ ይላል፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ። ካልመለስኩለት አይወጣም፣ አፍሬ እያለሁ ትቶኝ አይወጣም፣ አውቀዋለሁ፣ እዚያው ይሞታታል እንጂ። ምራቄን እውጣለሁ፣ መራራ ነው፣ ፎጣውን እዘረጋለሁ።

ግሩም ነው ዴዝ፣ እላለሁ፣ በጣም ግሩም ነው፣ በቃ አሁን ውጣ።